ጸደይን ከጓሮ ማንበብ፦ ጉርጥ፣ አሸንና ሌሎችም በጎንደር

የሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁሉም ሰው የተሰጣ ልብስ ለማስገባት ይሮጣል። እኔም እሮጣለሁ። ልብሱ ከገባ በኋላ ግን ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን እጥላለሁ። የምጠብቀው አንድ ድምፅ ነው። ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ ሻካራና ረዘም ያለ፣ ደረቅ እንጨት በሞረድ ሲፋቅ የሚመስል። የጉርጥ ድምፅ ነው። ለእኔ ጸደይ የሚገባው ያን ስሰማ ነው።

ጸደይ ሲባል ብዙ ሰው የመስከረምን አደይ አበባ ያስባል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ሰኔ 25 አልቆ በማግስቱ ለክረምት ያስረክባል። ገበሬው በልግ የሚለው ወቅት ነው። እዚህ ጎንደር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዋናው ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ነው። የጸደዩ ዝናብ ትንሽ ነው። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። በጓሮ ያለው ፍጥረት ግን በዚያች ትንሽ ዝናብ ይነቃል።

ይህን የአሠራር መመሪያ የጻፍኩት ያንን መንቃት ለማየትና ለመመዝገብ ለሚፈልግ ሰው ነው። ትልቅ ግቢ አያስፈልግም። ሁለት የጌሾ ዛፍ፣ አንድ የጎመን መደብና ቧንቧ ካለ ይበቃል። ጓሮ የሌለው ሰው ቀሃ ወንዝ ዳር መውጣት ይችላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴና የቁስቋም አጸዶችም ዛፍ የሞላባቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ደብተር

በስልክ መጻፍም ይቻላል። እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ። ስልክ ይቀየራል፣ ይጠፋል፤ ደብተሩ ግን መደርደሪያው ላይ ዓመት ከዓመት ይጠብቃል። መጋቢት 26 ቀን አዲስ ገጽ ክፈቱ። በየቀኑ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡን፣ ያያችሁትን ወይም የሰማችሁትን፣ ቦታውን። አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ዘንቧል። አንድ ጉርጥ ከበርሜሉ ጀርባ። ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ።»

ምንም ያልታየበትንም ቀን ጻፉ። «ዛሬ ምንም የለም» የሚለው መስመር በኋላ ትልቅ ዋጋ አለው። ድምፁ መቼ እንደጀመረ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከዚያ በፊት ዝም ያለባቸው ቀናት ተጽፈው ከተገኙ ብቻ ነው።

ዝናቡን ለመለካት አንድ ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ያልተቦረቦረ ይሁን። አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጡና እንደ ማጥለያ አፉ ላይ መልሱት። የሃይላንድ ቂጥ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ከታች ጠጠር ጨምሩ። ጠጠሩን የሚሸፍን ውኃ አድርጉና እዚያ ጋ መስመር አስምሩ። ያ ዜሮ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለውን በማስመሪያ ለኩት። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ከዛፍና ከጣሪያ ጠብታ አርቃችሁ አስቀምጡት። ጠዋት ጠዋት አንብባችሁ እስከ ዜሮው መስመር መልሱት።

ከዝናቡ በፊት ቀና በሉ

ይህኛው ክፍል አጭር ነው። በመጋቢት መጨረሻ ድንቢጦች ከሳር ክዳንና ከአጥር ጭድ እየነቀሉ ሲበሩ ታያላችሁ። የት እንደሚያስገቡት ተከታተሉ። በጋውን ሙሉ ሣር ላይ ጅራቷን ስታወዛውዝ የከረመችው ቢጫ ወፍ ደግሞ ትጠፋለች። ሞታ አይደለም፤ ወደ አውሮፓና እስያ ልትወልድ ሄዳ ነው። የመጨረሻ ያያችኋትን ቀን ጻፉ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቱቦ የሚመስል አበባ ያለው ተክል ካላችሁ ጠዋት ጠዋት ተመልከቱት። ቀጭን፣ ምንቃሯ ጎበጥ ያለ ወፍ ትመጣለች። ከእነዚህ ወፎች አንዱ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በተከዜ ወንዝ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ይሆናል።

አሸኑ ሲፈላ

«እንደ አሸን ፈላ» እንላለን። ስንቶቻችን ነን አሸኑን ቁጭ ብለን ያየነው? አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥሩ ዝናቦች በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ አመሻሽ ላይ፣ ከመሬት ቀዳዳ ይፈላል። መብራት ላይ ይረባረባል። ከዚያ ክንፉን ጥሎ በመሬት ይሄዳል። ወንዱና ሴቷ ተገናኝተው አዲስ ጎጆ ፍለጋ ነው።

የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጉና አጠገቡ ምልክት ትከሉ። ጠዋት ደጃፍ ላይ የተከመረውን ክንፍ ከመጥረጋችሁ በፊት ቀኑን ጻፉ። ዶሮዎቹ ቀድመዋችሁ ከደረሱም እሱን ጻፉ።

የአሸንና የጉርጥ ነገር የተያያዘ ነው። ጉርጡ በጋውን ድንጋይ ሥርና ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ፣ ሳይበላ ሊከርም ይችላል። ሲወጣ ይርበዋል። አሸን ደግሞ ቅባት የሞላው ምግብ ነው። ስለዚህ አሸን በፈላበት ምሽት የውጭውን መብራት ለሩብ ሰዓት ያህል አብሩና ከሥሩ ያለውን መሬት ተመልከቱ። ጉርጥ በግቢያችሁ ካለ ብዙ ጊዜ እዚያ ይመጣል። ካያችሁት በኋላ መብራቱን አጥፉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አሸኑን በከንቱ ይጨርሰዋል።

አንድ ምሽት ከሁለት እርምጃ ርቀት ቁጢጥ ብዬ አየሁት። አሸኑ እየተንፏቀቀ ሲቀርብ ጉርጡ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱን ትንሽ አዘነበለ። የኋላ እግሩ ጣት ብቻ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ አሸኑ የለም። ምላሱ ወጥቶ ሲመለስ በዓይን አይያዝም። ሲውጥ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ሰጠሙ። ጉርጥ ሲውጥ ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ምግቡን ወደ ጉሮሮ ይገፉለታል። ዓይኖቹ ተመልሰው ብቅ ሲሉ ቀጣዩን አሸን እያዩ ነበር።

ሌሊት ማዳመጥ

ዝናብ በዘነበበት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጥሩ ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ። መጀመሪያ ያለ መብራት ለአሥር ደቂቃ ቁሙ። ጉርጦቹ ኮቴ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ከቆማችሁ ግን ይረሱና መልሰው ይጀምራሉ። የሚጮኸው ወንዱ ነው። ጉሮሮው ሥር ያለውን ቆዳ እንደ ፊኛ ነፍቶ ሴቷን ይጠራል። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ድምፁ የሚመጣበትን አቅጣጫ ለዩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስከሚሆኑ ድረስ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ «ብዙ» በሉ። በስልካችሁ ለአንድ ደቂቃ ቅረጹት። ድምፅ ከፎቶ ይልቅ የጉርጡን ዓይነት ይናገራል።

ቀጥሎ ባትሪ ይዛችሁ ቅረቡ። መስታወቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ወይም ቀይ ፌስታል እሰሩበት። በቀይ ብርሃን ብዙ አይደነግጡም። የምትፈልጉት ቧንቧ ሥር፣ በርሜል ጀርባ፣ የቦይ ዳር፣ እንጨት የተከመረበት ቦታ ነው። ረጅም ጫማ አድርጉ። እጃችሁን ወደማይታይ ቀዳዳ አታስገቡ።

ጉርጥና እንቁራሪት አንድ አይደሉም። እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው። እግሯ ረጅም ነው፤ አንዴ ከዘለለች ውኃ ውስጥ ናት። ጉርጥ ደረቅና ጉብጉብ ያለ ቆዳ፣ አጭር እግር፣ ጉርጥርጥ ያለ ዓይን አለው። ከመዝለል ይልቅ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሄዳል። ከዓይኑ ጀርባ በግራና በቀኝ ያበጠ ነገር ታያላችሁ። መርዙ ያለው እዚያ ነው። በሰሜኑ ደጋ ከሚገኙት ጉርጦች አንዱ በአስመራ ስም የተሰየመ ነው። አብዛኛው እንስሳ ሁለት የክሮሞሶም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዝ ክር) ስብስብ ሲኖረው፣ ይሄኛው አራት ነው ያለው። ሳይንቲስቶች ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው ስም የሰጡት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ድንጋያችሁ ሥር ያለው እሱ ይሁን አይሁን በዓይን ብቻ መለየት ይከብዳል። ለዚህ ነው ድምፁን ቅረጹ ያልኩት። አይናቹራሊስት የሚባል ነፃ መተግበሪያ ላይ ድምፁንና ፎቶውን ብትጭኑ የሚያውቁ ሰዎች ያግዛሉ። የቤታችሁ አድራሻ በትክክል እንዳይታይ መደበቅም ይቻላል። አስቀድማችሁ ደብቁት።

ዕንቁላሉን ስታገኙ አትንኩ

ከጩኸቱ በኋላ ባሉት ጠዋቶች በግቢው ያለውን የረጋ ውኃ ሁሉ ዙሩ። የቦዩ ጎድጓዳ፣ የቆመ ሳፋ፣ ዝናብ ያጠራቀመ ጉድጓድ። የእንቁራሪት ዕንቁላል ብዙ ጊዜ እንደ ተልባ ልጥልጥ የተከማቸ ነው። የጉርጥ ግን ክር ነው። መቁጠሪያ የመሰለ ረጅም ክር፤ ጥቋቁር ፍሬዎች በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ ይመስላል። በሣርና በጠጠር ዙሪያ ተጠምጥሞ ይገኛል። አንዲት ሴት በሺዎች የሚቆጠር ትጥላለች። ከዚያ ሁሉ የሚያድገው ጥቂት ነው።

ክሩን አታንሱት፣ ወደ ሌላ ውኃም አታዛውሩት። በጥቂት ቀን ውስጥ ጭራ ያላቸው ጥቋቁር ልጆች ይወጣሉ። ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝቃጭ ይግጣሉ። መጀመሪያ የኋላ እግር ያበቅላሉ፣ ቀጥሎ የፊት። ጭራው አይወድቅም፤ ሰውነታቸው ራሱ መልሶ ይጠቀምበታል። ሁሉም ነገር ሳምንታት ይፈጃል። ውኃው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎተታል። በየሦስት ቀኑ አንዴ ከላይ ፎቶ አንሱ። አንድ ማንኪያ አጠገቡ ብታስቀምጡ መጠኑ በደንብ ይታያል።

ጸደይ ላይ ችግሩ ዝናቡ መሐል ላይ መጥፋቱ ነው። ውኃው እየጎደለ ከሄደ ጨምሩበት። የዝናብ ውኃ ይሻላል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲለቅ ሰፊ ሳፋ ላይ ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ፣ በዳር በኩል።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን በደል ልናገር። አንድ ዓመት የማድቤቱን ወለል በበረኪና አጥቤ ውኃውን ወደ ቦዩ ለቀቅኩት። ከሁለት ቀን በፊት እዚያ ክር አይቼ በደብተሬ ጽፌ ነበር። ሲነጋ ክሩ ነጭ ሆኖ ተበጣጥሶ አገኘሁት። የጉርጥ ቆዳ ውኃ ያሳልፋል። የሚጠጣውም በአፉ አይደለም፤ በሆዱ ሥር ባለው ቆዳ ነው። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ጨው፣ ጎመን ላይ የሚረጭ ፀረ-ተባይ፣ ሁሉም ቀጥታ ይገባበታል። አሁን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የእጥበት ውኃ የምደፋው በሌላ በኩል ነው። ቦዩ ውስጥ አልጨምርም።

ለጉርጡ ቤት ሥሩለት

የተሰበረ እንስራ ወይም ጋን ካላችሁ አትጣሉት። ከሁሉ የተሻለው ቤት እሱ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ፤ ጌሾ ሥር ወይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማያገኘው የግድግዳ ጥግ። እንስራውን በጎኑ አስተኙት። ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ውስጡ ላላ ያለ አፈርና የደረቀ ቅጠል አድርጉ፤ መቆፈር ይወዳል። አፉ ወደ ግድግዳ ይዙር፣ አንድ ጫማ ያህል ርቀት ተዉለት። ዶሮና ድመት እንዳይደርሱበት ከፊቱ ሁለት ድንጋይ አቁሙ። ገሉ የሾለ ከሆነ ጠርዙን በድንጋይ ፈቅፍቁት።

አጠገቡ ጥልቀት የሌለው የሸክላ ሳህን፣ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ያለው፣ አስቀምጡ። መውጫ እንዲሆነው መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ይህ መጠጫ እንጂ መራቢያ አይደለም። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ውኃውን ድፉና ዳሩን በብሩሽ አሹት። የቢምቢ ዕንቁላል ወደ ቢምቢ ለመለወጥ ሳምንት ገደማና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሦስት ቀን ከደፋችሁት አይደርስም። የጉርጥ ዕንቁላል ያለበትን ውኃ ግን አትድፉ። እሱን ከሰው መኝታ ራቅ ባለ ቦታ ካገኛችሁት ጥሩ ነው። አጠገብ ከሆነ በአጎበር ተኙ።

አሁን በርሜሉን እዩ። እዚህ ከተማ ውኃ የማያጠራቅም ቤት የለም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ሳፋ፣ ሁሉም አፉ ተከፍቶ ይታደራል። ጉርጥ ይገባበታል፣ ግን ለስላሳ ግድግዳ መውጣት አይችልም። ሲዋኝ አድሮ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፣ ውኃውም ይበላሻል። ክዳን ወይም ሻሽ አልብሱት። ክዳን ከሌለ ሻካራ ቅርፊት ያለው ረጅም እንጨት ከውስጥ ወደ ጠርዙ አስደግፉ። ከዚህ ሁሉ ምክር ዛሬውኑ የሚደረገው ይሄ ነው።

ስለ እባቡ፣ ስለ ኪንታሮቱና ስለ ውሻው

አንድ ምሽት ቀይ ባትሬን ይዤ አጥሩ ሥር ስሄድ የጎረቤቴ እናት ከላይ ሆነው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ጨለማ ምን ታስሳለህ?»

«ጉርጥ ነው እማማ።»

«ጉርጥ! አባርረው እንጂ። እባብ ይጠራል!»

እውነት አላቸው፤ ጉርጥ የሚበላ እባብ አለ። ግን እባብን ወደ ቤት ይበልጥ የሚያመጣው አይጥና መደበቂያ ነው። እንጨቱን ከበር አርቃችሁ ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ላይ ከምሩት። እህሉን ክደኑ። በር ላይ ያለውን ሣር አሳጥሩ። የጉርጡንም ቤት ከመኝታ ክፍል በር ራቅ አድርጉት። እማማን ይህን ነግሬያቸው፣ «እንዲያ ከሆነስ ጎመኔን የሚበላውን ትልም ይብላልኝ» አሉኝ። ትል፣ ጉንዳን፣ ጢንዚዛ፣ ምስጥ ሁሉንም ይበላል።

ልጅ ሳለን ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ያወጣል እንባል ነበር። ኪንታሮት ከቫይረስ ነው፣ ከጉርጥ አይመጣም። መርዙ ግን እውነተኛ ነው። ማንሳት ግድ ከሆነ እጃችሁን በንጹሕ ውኃ አርጥቡ፣ ሎሽን ያለበት እጅ አይሁን። ሲያነሱት ሽንቱን ይለቃል፤ አትደንግጡና አትጣሉት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁንና አፋችሁን አትንኩ። ልጆች ላይ ይህን አጥብቁ።

ውሻ ጉርጥ ሲነክስ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘንብላችሁ አፉን ከጎን በኩል በውኃ እጠቡት፤ ውኃው ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ። ከተንቀጠቀጠ ወይም ማስመለሱ ካላቆመ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ

ደብተሩን አሁን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ዝናብ፣ አሸን፣ ድምፅ፣ ክር፣ ልጆች። ይህ ሰንሰለት የት ላይ እንደተቆረጠ እዩ። አሸን ኖሮ ጉርጥ ካልመጣ መደበቂያ ጎድሎታል ማለት ሊሆን ይችላል። ድምፅ ኖሮ ክር ካልታየ ረግቶ የሚቆይ ውኃ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ክር ኖሮ ልጅ ካልወጣ ወደ ውኃው የሚወርደውን ነገር መርምሩ። ጎረቤት አስተባብራችሁ በሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ብታነጻጽሩት ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። ማራኪ ላይ ሚያዝያ የጮኸው አዘዞ ላይ መቼ ጮኸ? ይህን የሚያውቀው በየግቢው የጻፈ ሰው ነው።

የጉርጥ ልጆች ከውኃ ሲወጡ የአውራ ጣት ጥፍር አያክሉም። ጥቁር ዝንብ የሚዘል ይመስላል። ብዙ ጊዜ ዝናብ ባለበት ቀን በአንድ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ሳምንት ሣሩን አትጨዱ። ውኃው ዳር ያለውን መሬት በመጥረጊያ አትጥረጉ። ወደ ቧንቧው ስትሄዱ መሬት መሬት እያያችሁ ሂዱ፤ የቤቱን ልጆችም በዚያ በኩል እንዳይሮጡ ንገሯቸው።